የሰርጡ መሻገሪያ ምክርና የአጋፋሪው ዝምታ

ከአዳም ልጆች ጋር አብረው ተወልደው አብረው ከሚያረጁት የነፍስ ጠባያት መካከል እንደ ኀፍረት ሁለት መልክ ያለው፣ ያንኑ አንዱን ሰው በማለዳ ጠብቆ በሠርክ የሚገድል ሌላ አይገኝም። አንደኛው ኀፍረት በፈጣሪና በኅሊና ፊት የሚሰማ ነው፤ እጅን ከስርቆት፣ አንደበትን ከሐሰት፣ ዐይንንም ከባልንጀራ ቤት ይመልሳል፤ ይህ ቅዱስና ቡሩክ ነው፤ ያጣውም ሰው ጐስቋላ ነው። ሁለተኛው ግን በሰው ፊት ብቻ የሚሰማ፣ ሕዝባችን ይሉኝታ ብሎ የሰየመው ነው፤ ጨዋነትን መስሎ ይገባል፣ ትሕትናን መስሎ ይቀመጣል፣ በመጨረሻም መነገር የሚገባውን ቃል ከጉሮሮ ላይ አንቆ ያስቀራል። አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ እኒህን ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ብዙው ሰው ለሁለተኛው እየሰገደ የመጀመሪያውን ያገለገለ ይመስለዋል። ይህን ስጽፍ የተቈጣሁ ብመስልህ አልተሳሳትህም፤ የምተርክልህ የክፉዎች ታሪክ ቢሆን ኖሮ ቍጣዬ በቀለለ ነበር፤ ነገር ግን የጨዋ ሰዎች ታሪክ ነው።

በቀደመው ዘመን፣ ነገሥታት ከድንኳን ወደ ድንኳን እየተዘዋወሩ በሚፈርዱበት፣ የባሕረ ኤርትራም ዳርቻ በደጋ መኳንንት በሚጠበቅበት ወራት፣ በአንድ የጠረፍ ገዥ አዳራሽ አጋፋሪ ላእከ ማርያም የሚባል፣ በመጻሕፍት የተማረ በሥርዐት የታረመ ሰው ነበረ። አጋፋሪ ማለት ግብር በሚበላበት ቀን ዘንግ ይዞ ከደጅ የሚቆም፣ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሚገባ፣ ማን በቀኝ ማን በግራ፣ ማን በምንጣፍ ማን በጉዝጓዝ ላይ እንደሚቀመጥ የሚለይ ሹም ነው። በዚህ ጥበብ ላእከ ማርያም አቻ አልነበረውም። የአንዱን ባላባት አያት ከሌላው ባላባት አያት ጋር በልቡ መዝኖ፣ የጥንቱን ጠብና የትናንቱን እርቅ አስታውሶ፣ ለእያንዳንዱ እንደ ማዕርጉ ስፍራውን ያሳየው ነበር፤ ከእርሱም አዳራሽ ቅር ብሎት የወጣ እንግዳ አልተሰማም። ከዚህ የተነሣ ሰው ማስቀየምን ከሞት አብልጦ ይፈራ ነበር። ሰዎችም ይህን ፍርሃቱን ዐይተው «እንዴት ያለ ጨዋ ነው» ይሉት ነበር፤ እርሱም አመናቸው።

ለዚህ ሰው ታላቅ እኅት ነበረችው፤ ስሟ ወይዘሮ አመተ ጽዮን ይባላል። እናታቸው በሞተች ጊዜ እርሷ ራሷ ገና ልጅ ሳለች በጀርባዋ አዝላ፣ ከአፏ ነጥላ አሳድጋዋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ኤስድሮስ ከሚባለው አንድ ልጇ በቀር በዚህ ዓለም ላይ የኔ የምትለው አልቀረላትም። ኤስድሮስም ኢየሩሳሌምን ሊሳለም በመርከብ ሲጓዝ መርከቡ ከማዶው ዳርቻ ዐለት ላይ ተሰበረ፤ የማዶው ወደብ ሹም ከሞገድ አውጥቶ፣ እንደ አገሩ ልማድ ምርኮኛ አድርጎ ያዘው። ሹሙ ግን ጨካኝ አልነበረም፤ በአንድ ነጋዴ አፍ እንዲህ ሲል ላከ፦ «ወጣቱ እናት አለችኝ እያለ ያለቅሳል። እናቱ በእግሯ መጥታ ልጄ ነው ብላ ብትመሰክር ያለ ምንም ዋጋ እሰጣታለሁ፤ በመልእክተኛ እጅ ግን አልሰጥም፣ አታላዩ በዝቷልና። የወራቱ ነፋስ ሲገለበጥ የሕንድ መርከቦች ይነሣሉ። እስከዚያ ካልመጣች ከእነርሱ ጋር ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለበትን እኔም አላውቅ።» እንግዲህ የአንዲት እናት ሕይወቷ ሁሉ በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል ባለው ጠባብ ባሕር፣ ሰርጥ በሚባለው መተላለፊያ ላይ ተንጠለጠለ። ወይዘሮዋም ይህን በሰማች ጊዜ ወደ ማንም አልሄደችም፤ ወደ ወንድሟ ሄዳ «ላእኬ፣ አሻግረኝ» አለችው እንጂ። እርሱም በእግሯ ላይ ወድቆ እንደሚያሻግራት ማለላት።

የጠረፉ ገዥ ነገሩን ሲሰማ እንባው መጣ፤ ለጋስ ሰው ነበረና «የእኛ ወይዘሮ እንደ ለማኝ ብቻዋን በባዕድ ፊት አትቆምም» ብሎ ሁለት መኳንንት ከነአሽከሮቻቸው እንዲያጅቧት አዘዘ። አንደኛው ቀኛዝማች አርከ ሥሉስ፣ ሁለተኛው ግራዝማች ዘሚካኤል ነበሩ። አንዱ በጦርም በግብርም በጌታው ቀኝ፣ ሌላው በግራ የሚሰለፉ ናቸው፤ ሹመታቸው ይህ ነው፣ ስማቸውም ይህ ነው። እኒህ ሁለቱ ከብዙ ዘመን በፊት በአንድ የፋሲካ ግብር ላይ ስለ መቀመጫ ተጣልተው እስከ ዙፋን ችሎት ተካሰዋል፤ በክርክሩም ጠበቆች ደክመዋል፣ በቅሎዎች ሞተዋል፣ ሽማግሎች ሳይጨርሱ አርጅተዋል። በመጨረሻም «ቀኙ ለቀኛዝማች ጸንቶ ይኑር» ተብሎ ተፈረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀኛዝማቹ በግራ በኩል እንኳን ሊቀመጥ፣ በግራው ጐን ተኝቶ ዐድሮ አያውቅም እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ቀልዱን ግን በፊቱ የተናገረ አንድም ሰው አልነበረም።

አጋፋሪውም የጉዞውን ምክር በእጁ ያዘ። ከእኅቱ ጋር ወደ ባሕሩ ዳር ወርዶ፣ በአሸዋው ላይ ድንኳን አስተክሎ፣ ሠንቡቅ የምትባል ባለ አንድ ሸራ ጀልባ ተከራየ፤ የጀልባዋም አለቃ፣ በባሕረኞች አነጋገር ናኹዳ የሚሉት፣ ሑመድ የሚባል የዚያው ጠረፍ ተወላጅ ነበረ። ላእከ ማርያም ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ማለት የሚወድ ሰው ነበርና ተቀምጦ ይጠይቅ፣ ይመረምር ጀመረ፤ ሸራዋን በእጁ ዳሰሰ፣ ሸራዋን የሚሸከመው ምሰሶ፣ ደቀሏ፣ የቆመበትን እንጨት አንኳኳ፣ ጨረቃ ግማሽ ሆና ባሕሩ የሚለዝብበትን ቀን ከናኹዳው ጋር አሰላ። ሑመድም በድንኳኑ ደጃፍ ተንበርክኮ በጦር ዘንግ ጫፍ ሁለቱን ዳርቻዎች በአሸዋ ላይ ሣለለት።

«ጌታዬ፣ ይህ ባሕር ብቻ አይምሰልዎ» አለው። «በባሕር ውስጥ የሚሄድ ወንዝ ነው። በዚህ ወራት ከደቡብ ወደ ሰሜን ይነዳል። በቀጥታ ወደ ከተማው ብናቀና ከተማውን እያየነው እናልፈዋለን። የጀልባዋን አፍንጫ ወደዚያ ወደ ራቁቱ ተራራ፣ ወደ ደቡብ አድርገን እንሄዳለን፤ እኛ ተራራውን እያልን ስንሄድ ውሃው ራሱ ከከተማው ደጅ ያወርደናል።»

«ገባኝ» አለ አጋፋሪው። «ዐባይን በዋና የሚሻገር ሰውም ከሚወጣበት በላይ ከፍ ብሎ ነው የሚገባው።»

«ወላሂ ልክ ብለዋል። ሁለተኛ ነገር ደግሞ አለ። ከሰርጡ መካከል ስንደርስ ነፋሱ ይዞራል፤ እስከዚያ በቀኝ የነበረው ከማዶ ተራሮች ወርዶ በግራ ይመጣል። ያን ጊዜ እኔ ሸራውን ስገለብጥ ሰው ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ከቀኝ ወደ ግራ መሻገር አለበት። የዚህች ጀልባ ሚዛን ድንጋይ አይደለም፣ ሰው ነው። ጥቂቶች እንኳ በቀኝ ቢቀሩ ትጋደማለች፤ እንዳትሰጥም ሸራውን እጥላለሁ፤ ሸራው ከወደቀ ደግሞ ውሃው ይነዳናል። ውሃ በአንድ ሰዓት የወሰደውን ነፋስ ቀኑን ሙሉ ቢለፋ አይመልሰውም።»

አጋፋሪው ይህን ሲሰማ በዐይነ ልቡናው ቀኛዝማች አርከ ሥሉስን ከአሽከሮቹ ጋር በቀኝ ተቀምጦ ዐየው። ሳይሻገሩ መድረስ ይቻል እንደ ሆነ ጠየቀ፤ ናኹዳው «አላህ ያውቃል፣ እኔ ግን ዐይቼ አላውቅም» አለው። ሰው መቀነስ ይቻል እንደ ሆነ ናኹዳው በተራው ጠየቀ፤ አጋፋሪው ገዥው ያዘዘውን አጀብ መቀነስ ነውር እንደ ሆነ መለሰ። «እንኪያስ አስቀድመው ይወቁ» አለ ሑመድ። «እርስዎ ካልነገሯቸው እኔ ልንገራቸው።»

«አይሆንም» አለ አጋፋሪው ፈጥኖ። «አንተ ብትነግራቸው ይከፋቸዋል። ለእኔ ተወው፤ ቃሉን እኔ አሳምሬ አቀርበዋለሁ።»

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልገልጥልህ ይገባኛል። ወይዘሮ አመተ ጽዮን በዚያች ሰዓት ከድንኳኑ ውስጥ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጣ ነበርና የተባለውን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምታለች። ነገሩም ገብቷታል፤ የልጇ መንገድ በዚያች አንዲት መሻገር ላይ እንደ ቆመ ከወንድሟ ይልቅ እርሷ ታውቀዋለች። ነገር ግን በልቧ እንዲህ አለች፦ «እኒህ ጌቶች ስለ እኔ ብለው ቤታቸውን ትተው መጥተዋል። እኔ ሴቲቱ፣ እኔ ለማኚቱ፣ ተነሥቼ መቀመጫ ላስተምራቸው? ምን ይሉኛል? ተቀይመው ቢመለሱስ? ወንድሜ የሥርዐት ሰው ነው፤ እርሱ ይነግራቸዋል።» እርሱም በዚያው ሰዓት በልቡ «ምናልባት ነፋሱ አይዞር ይሆናል፤ አላህ ያውቃል ብሏልና» ይል ነበር። እንዲህ ሆነው ወንድምና እኅት አንዱን እውነት ከሁለት ወገን ይዘው ተኙ።

በማግሥቱ መኳንንቱ ወደ ዳርቻው ወረዱ፤ አጋፋሪውም በሠርክ ሰብስቦ የጉዞውን ምክር በተዋበ ቃል አስረዳቸው። ጀልባዪቱ ወደ ራቁቱ ተራራ አቅንታ እንደምትሄድ በነገራቸው ጊዜ ቀኛዝማቹ «የምንሄድበትን ትተን ወደማንሄድበት እንይ ማለት ነው?» ብሎ ጥቂት አጕረመረመ፤ ላእከ ማርያም ግን ከንጉሥ ፊት የሚቀርብ ሰው እንኳ ፊት ለፊት እንደማይገባ፣ አስቀድሞ ዝቅ ብሎ ጐን ጐኑን እንደሚሄድ አስታውሶ አሳቀው፣ አስወደደውም። የስንቁን ነገር፣ የውሃውን አቁማዳ፣ የመነሻውን ሰዓት ሁሉ ዘረዘረ። ከዚያም ሁለተኛው ነገር ደረሰ። አፉን ከፈተ፤ ግራዝማቹን በቀኛዝማቹ ፊት ተቀምጦ ዐየው፤ «በባሕር ላይ ቀኝም ግራም የለም» ብሎ መናገር ለእርሱ ዕድሜውን ሙሉ የበላው እንጀራ ከንቱ ነበረ ብሎ እንደ መናገር ሆነበት። ስለዚህ «የቀረውን በመንገድ እናወራዋለን» ብሎ ተቀመጠ። ያን ጊዜ የወይዘሮዋ ዐይን በእርሱ ላይ ነበረ፤ እርሱም ዐይኑን ወደ መሬት ጣለ። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገራችን ሰው፤ እውነቱን ነው፣ ዝምታ አይነቅዝም፤ ያነቀዘውን ግን ማን ቈጠረው?

የተመረጠችው ቀን ነግታ ጎሕ ሲቀድ ካህናቱ መስቀል አሳለሟቸው፤ «ቀኝ ያውላችሁ» ብለውም መረቋቸው። አጋፋሪውም ከልማዱ ሳይወጣ ቀኛዝማቹን ከአሽከሮቹ ጋር በቀኝ፣ ግራዝማቹን በግራ፣ እኅቱን ከአንዲት ገረዷ ጋር ከደቀሉ ሥር አስቀመጠ፤ ራሱም ዘንጉን እንደ ያዘ ከመካከል ተቀመጠ። ነፋሱ በቀኝ ይመጣ ነበርና የቀኙ አጀብ ብዛት ለጀልባዋ ተስማማት፤ ሸራዋም ሞልቶ እየዘመረች ሄደች። ቀኛዝማቹ ደስ ብሎት «ሥርዐት በባሕርም ላይ ያምራል» አለ። እኩለ ቀን ሲቃረብ የውሃው መልክ ጠቈረ፤ ነፋስ ሳያነሣው የሚፈላ፣ በራሱ ላይ የሚታጠፍ ሆነ፤ ከበታቻቸውም የጀልባዋ ሳንቃ እንደሚጐተት ሰው እጅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ይህ ናኹዳው የነገረው ወንዝ ነበረ። እነርሱም ወደ ራቁቱ ተራራ ሲሄዱ የማዶው ከተማ፣ ከነነጫጭ ቤቶቹ ከነግንቡ፣ በስተግራቸው ራሱ በእግሩ እየመጣ ይቀርባቸው ጀመር። ሁሉም ተደነቁ። ወይዘሮ አመተ ጽዮን በወደቡ ውስጥ የቆሙትን የመርከብ ደቀሎች አየቻቸው፤ እጇን በደረቷ ላይ አድርጋ «አምላኬ፣ አምላኬ» እያለች አለቀሰች፤ የደስታ ልቅሶ ነበረ። አጋፋሪውም እፎይ አለ፤ «እነሆ ሳልናገር ተፈጸመ» ሲል አሰበ።

ያን ጊዜ ነፋሱ ዝም አለ። ሸራው እንደ ባዶ ስልቻ ተንጠለጠለ፤ ባሕረኞቹም ተነሥተው በየገመዳቸው ቆሙ። ጥቂት ቈይቶ በግራ ጆሯቸው በኩል ከማዶ ተራሮች የሚወርድ ትኩስ እስትንፋስ መጣ፤ ናኹዳውም «ወደ ግራ! ሁላችሁም ወደ ግራ!» ብሎ ጮኸ። ቃሉን ከአፉ ሳይጨርስ ወይዘሮ አመተ ጽዮን ተነሥታ፣ ገረዷን በእጇ ጐትታ፣ በግራ በኩል ተቀመጠች። ከመንገደኞቹ ሁሉ የሚደረገውን አውቃ የተነሣች እርሷ ብቻ ነበረች፤ የቀሩት ግን ፊት ለፊት ተያዩ። ቀኛዝማች አርከ ሥሉስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ነፍሱን የሚወድ ሰው ነውና ግማሽ ተነሥቶ ነበር። ነገር ግን ዐይኑ በግራዝማቹ ላይ ወደቀ፤ ግራዝማቹም በግራ ቦታው እንደ ተደላደለ ፈገግ ብሎ፣ ለባለጋራው ስፍራ ሊለቅለት ጥቂት ፈቀቅ ሲል አየው። ቀኛዝማቹ ተመልሶ ተቀመጠ፤ አሽከሮቹም እርሱን ዐይተው ተቀመጡ።

«አጋፋሪ» አለ ቀኛዝማቹ፣ በአዳራሽ ውስጥ እንዳለ ሰው ድምፁን አክብዶ፣ «አንተ የሥርዐት ሰው ነህ። በቀኝ የተሾመ ወደ ግራ ይሻገር የሚል ሥርዐት አለን?»

«ላእኬ፣ ንገራቸው እንጂ!» ብላ ጮኸች እኅቱ።

ላእከ ማርያምም ተነሣ፤ ዘንጉን ተመረኰዘ፤ በዚያች ሰዓት እንኳ ልማዱ አልለቀቀውም። «ጌታዬ ቀኛዝማች ሆይ» አለ፣ «ማዕርግዎ በየብስም በባሕርም የታወቀ፣ በዙፋን ፊት የተመሰከረ፣ የአባቶችዎም ክብር በሁላችን ዘንድ የተጠበቀ ሆኖ ሳለ፣ ፈቃድዎ ቢሆንና ቅር ባይሰኙ…» ውሃው በጀልባዋ የቀኝ ከንፈር ላይ ገባ። ጀልባዋ ተጋደመች፤ ስንቁ ተንሸራተተ፤ ናኹዳ ሑመድ ጩቤውን መዝዞ የሸራውን ገመድ ቈረጠና ያ ታላቅ ሸራ ከነዘንጉ በራሳቸው ላይ ወደቀ። ጀልባዋ ቀና አለች፤ ሰው አልሞተም። እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ተቀምጠው በቅልና በባርኔጣ ይቀዱ ጀመር፤ ግርግሩ ያገላበጣቸው ቀኛዝማች በግራ፣ ግራዝማች በቀኝ ሆነው ጐንበስ ቀና ሲሉ ማንም ማንንም አልከሰሰም። ከተማው ግን መምጣቱን ትቶ ማለፍ ጀመረ። መጀመሪያ ግንቡ፣ ኋላም ወደቡ፣ በመጨረሻም ደቀሎቹ በጐናቸው ቀስ ብለው ወደ ኋላ ሄዱ፤ ሸራው ተጠግኖ እስኪሰቀል ድረስ ያ ወንዝ ወደ ሰሜን ነዳቸው። ወይዘሮዋ አንድ ጊዜ እጇን ወደ ከተማው ዘረጋች፤ ደግሞ ሰበሰበችውና በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ወደ ሠርክ ገደማ ሰው ከማይኖርበት አሸዋ ላይ ወጡ። ናኹዳው የራሰውን ሸራ ዘርግቶ የተቀደደውን ሲመለከት አጋፋሪው ወደ እርሱ ቀረበ። «ጌታዬ፣ ነግረዋቸው አልነበረም?» አለው ሑመድ፣ በቍጣ ሳይሆን በመደነቅ። ላእከ ማርያም ፊቱ ቀላ፤ ጆሮው ጋለ፤ ይህ ከእውነተኛው ኀፍረት ጋር የመጀመሪያ መገናኘቱ ነበረ፤ ስላላወቀውም ሕመም መሰለው። ዘወር ብሎ ሄደ። ከዚያም በዳርቻው እየተጓዙ፣ በእሾህና በጨው ሜዳ እየተጐሳቈሉ፣ ከብዙ ድካም በኋላ ከከተማው ደረሱ፤ በመካከሉ ግን የወራቱ ነፋስ ተገልብጦ ነበርና ወደቡን ባዶውን አገኙት። የሕንድ መርከቦች ሄደዋል፤ ኤስድሮስም ከእነርሱ ጋር ሄዷል።

የወደቡ ሹም ሽማግሌ ነበረ፤ በታላቅ ክብር ተቀብሎ ምግብ አቀረበላቸው፣ ማንም ግን አልቀመሰም። ወይዘሮዋን «እናቱ አንቺ ነሽ?» ብሎ ጠየቃትና መሆኗን ባወቀ ጊዜ የምግቡን ገበታ አስነሣ። በኋላም «ልጅሽ ያለውን ልንገርሽ፣ መደበቅ ኀጢአት ነው» አላት። «ልጅሽ ማለዳ ማለዳ ከግንቡ ላይ ወጥቶ ባሕሩን ይመለከት ነበር። አንድ ቀን ሸራዋ የወደቀ ጀልባ በደጃችን ስታልፍ ታየች። ጓደኞቹ እናትህ በዚያች ውስጥ ትኖር ይሆን አሉት። እርሱም የለም፣ ያቺ የእናቴ ጀልባ አይደለችም፤ እናቴ ያለችባት ብትሆን ኖሮ አታልፈኝም ነበር አለ።» ወይዘሮ አመተ ጽዮን ይህን ስትሰማ አልጮኸችም፤ ቀስ ብላ ከመሬት ላይ ተቀመጠች እንጂ። ቀኛዝማች አርከ ሥሉስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ግራዝማቹም እጁን ከአፉ ላይ ጫነ። አጋፋሪው ግን የት እንደሚቆም፣ የት እንደሚቀመጥ አላወቀም፤ ለሰው ሁሉ ስፍራ የሚሰጥ እርሱ በዚያች ቤት ውስጥ ለራሱ የሚሆን ስፍራ አጣ።

ወደ አገራቸውም ተመለሱ። የተፈጸመው ሁሉ በጠረፉ ገዥ ፊት በተነገረ ጊዜ መኳንንቱ ነገሩን በአንድ ቃል ዘጉት፦ «ባሕሩ ነው፤ ምን ይደረግ።» ቀኛዝማቹ እንዲህ ያለው ጥፋቱን ሊሸሽግ ነው፤ ግራዝማቹ እንዲህ ያለው ፈገግታውን ሊሸሽግ ነው፤ ገዥውም ቃላቸውን የተቀበለው እንዲህ ያለ አጀብ ያዘዘ እርሱ ራሱ ስለ ነበረ ነው። ከዚህም አልፎ ገዥው አጋፋሪውን ወደ ፊት ጠርቶ «ከእንደዚህ ያለ ማዕበል መኳንንቴን በደኅና ያወጣህልኝ» ብሎ በጉባኤ መካከል የወርቅ ጥልፍ ያለበት ካባ ደረበለት። ላእከ ማርያም «አይገባኝም፣ አውቄ ነው ዝም ያልሁት» ሊል ምላሱን አንቀሳቀሰ፤ ነገር ግን ገዥውን በሰው ፊት ማሳፈር ይሆናል ብሎ ተወው፤ እጅ ነሥቶ ካባውን ተቀበለ። አየህን፣ አንባቢ ሆይ? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤ ይህ ሰው ግን የፈሰሰውን ትቶ ገና ያልፈሰሰውንም በገዛ እጁ ይደፋ ነበር። እኔስ እዚህ ቦታ ስደርስ ብዕሬን አስቀምጬ ዘንጉን ነጥቄ ልመታው ይቃጣኛል፤ ከዚያም በእርሱ ስፍራ ሆኜ ምን እንደማደርግ አስባለሁና እጄን እሰበስባለሁ።

በወይዘሮዋ ቤት ለቅሶ ያልሆነ ለቅሶ ተቀመጡ። ልጁ አልሞተምና ፍትሐት አይደረግለት፤ በሕይወት አለ ብለው እንዳይጽናኑም በየትኛው ምድር እንዳለ የሚያውቅ የለ። ጐረቤቱ እየገባ «እግዜር ያምጣው» ይላል፤ ወይዘሮዋም «አሜን» ትላለች። አጋፋሪው ካባውን ቤቱ ጥሎ በተራ ጋቢ ይመጣና ከደጃፉ ይቀመጥ ነበር፤ በልቡም «ዛሬ እነግራታለሁ፤ እግሯ ላይ ወድቄ እውነቱን እነግራታለሁ» እያለ ይመጣል፣ ሰው በዝቷል ብሎ ይመለሳል። በአንዲት ቀን ግን ለቀስተኛው በጊዜ ተነሥቶ ሄደ፤ ፀሐይ ለመጥለቅ ጥቂት ቀርቷት ወንድምና እኅት ብቻቸውን ቀሩ። የሚያመካኝበት ሰው አልነበረም። ተነሣ፤ ከፊቷ ሄዶ ተንበረከከ፤ ያሳደገውን እጇን ያዘ።

«እትዬ» አላት፣ «በሰርጡ ላይ… የምነግርሽ ነገር አለኝ።»

እርሷም የሚነግራትን ታውቀዋለች። ከመጋረጃው ወዲያ ሆና የሰማችውን፣ የጠበቀችውን፣ ሳትናገር የቀረችውን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አሰበችው፤ እርሱ ያንን ደጅ ከከፈተ እርሷም ከኋላው ተከትላ በዚያው ደጅ መግባት እንዳለባት፣ «እኔም ሰምቼ ዝም ብያለሁ፤ ልጄን ምን ይሉኛል ብዬ ሸጬዋለሁ» ማለት እንዳለባት ተረዳች። ይህን ደግሞ ለማለት የሚበቃ ጕልበት ከእናት ሁሉ ዘንድ ቢፈለግ አይገኝም። ዐይኗን ከወንድሟ ዐይን አርቃ የደጁን ብርሃን ተመለከተች።

«ባሕሩ ነው፣ ወንድሜ» አለችው።

አጋፋሪው እጇን ለቀቀ። የሚናገረው ቃል አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ከዚያም ከደረቱ ውስጥ ረጅም እስትንፋስ ወጣ፣ ትከሻውም ቀለለው። በቀረው ዕድሜው ሁሉ፣ ስለ ሰርጡ ዝምታው ሳይሆን፣ ስለ ካባውም ሳይሆን፣ በዚያች ሰዓት ስለ ተሰማው ስለዚህ እፎይታ ብቻውን ሲሆን ፊቱን ይሸፍን ነበር።

«አዎን፣ እትዬ» አላት። «ባሕሩ ነው።»

ባሕር የወሰደው ልጅ የሚወሰደው አንድ ጊዜ ነው፤ ዝምታ የወሰደው ግን እናትና አጎት ዐይን ለዐይን በተያዩ ቍጥር እንደ ገና ሲወሰድ ይኖራል።